ስብርባሪውን ለቁራሌ አትስጡ

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ሮኬት ተተኮሰ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፍኖተ ሰላም ከአየር ተመታች። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ቢያንስ 26 ሰዎች እንደሞቱ ሪፖርት እንደደረሰው ገለጸ። የድሮን ጥቃት ሳይሆን እንደማይቀርም ተናገረ። ጎጃም ውስጥ ዛሬ ሰማይ ላይ ድምፅ ከተሰማ ገበያተኛው ሁሉ ቀና ይላል። ሕፃን ሳይቀር።

ስለዚህ «ርካሽ ክሩዝ ሚሳኤል» ሲባል ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። ከሱቅ በሚገዛ ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ተገጣጥሞ፣ ራሱን እየመራ የሚበር ቦምብ ማለት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ጀርመኖች ወደ ለንደን የለቀቁት ቪ-1 የተባለ በራሪ ቦምብ ከብረት ቆርቆሮና ከኮምፖንሳቶ የተሠራ ነበር። አነጣጥሮ አይመታም፤ ለሱ ዒላማው ከተማው በሙሉ ነው። ያም ሆኖ ብሪታንያ ውስጥ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። እንደ አውሮፓውያኑ በ2003 ብሩስ ሲምሰን የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ከ5 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ ቤቴ ውስጥ ሚሳኤል እሠራለሁ ብሎ ዓለምን አነጋገረ። ዩክሬን ላይ የሚዘንበው ሻሄድ የተባለ ፈንጂ ጫኝ ድሮን ዋጋው ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ዶላር እንደሆነ ይገመታል። አንድ ቶማሃውክ የተባለ የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳኤል ግን ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

«ድሃ አገርም ራሷን ትከላከልበታለች» የሚሉ አሉ። ክርክሩን አልንቀውም። የተወረረ ሕዝብ ያገኘውን ያነሣል፤ የእኛም አባቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው። ግን ርካሽ የሚባለው ለማን ነው? የተቆጠረው የተኳሹ ወጪ ብቻ ነው። ልጁን የቀበረው፣ ጎተራው የነደደበት ገበሬ ሒሳቡ ውስጥ የለም። መሣሪያው ውድ ሲሆን አዛዡ ከመተኮሱ በፊት ሁለቴ ያስባል። ሲረክስ ያ ማሰብ ይቀራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

እንደ አውሮፓውያኑ በ1987 ኃያላኑ አገሮች የሚሳኤል ቴክኖሎጂን ለመቆጣጠር ተስማምተው ነበር። ጠንካራው ክልከላ ያረፈው 500 ኪሎ ግራም ጭኖ 300 ኪሎ ሜትር በሚሄደው ላይ ነው። 50 ኪሎ የሚሸከመው ትንሹ ከዚያ መስመር በታች ያልፋል። የሞዴል አውሮፕላን ሞተርና የስልክ ቺፕ ደግሞ በየሱቁ አለ፤ በር ላይ ቆሞ መከልከል አይቻልም።

የሚቻለው ዱካውን መከተል ነው። ዩክሬን ውስጥ ስብርባሪ እየፈቱ፣ የቺፑን ቁጥር እያነበቡ፣ ማን ሠርቶ በማን በኩል እንደተሸጠ የሚያወጡ መርማሪዎች አሉ። እኛ ጋ ግን የወደቀው ብረት ልጆች ይጫወቱበታል፣ ወይ ቁራሌ በኪሎ ይገዛዋል። ማስረጃው አብሮ ይሸጣል።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ አትንኩት። ያልፈነዳ ሊሆን ይችላል። ልጆችን አርቁ፣ ከሩቅ ፎቶ አንሡ፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ጽሑፉ የአገር ሽማግሌ ጋ ወይም ደብሩ ውስጥ ይቀመጥ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ሟች ከመቁጠር አልፎ ብረቱን የሚያነብ ባለሙያ ይላክልን። ፍኖተ ሰላም ላይ የወደቀው ምን እንደነበረ፣ ዕቃው ከየት እንደተገዛ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች የማወቅ መብት አላቸው።