ሕዝቡ ተሳትፏል፤ ፊርማው ይኸው

በጤና ሥራ ማኅበረሰቡን አጋር ማድረግ ከባድ ነው የሚል ካለ ከአራዳ እስከ ልደታ ካሉት የወረዳ አዳራሾች ወደ አንዱ ብቅ ይበል። ባለሙያን ስንት ዓመት ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር እዚያ በአንድ ጠዋት፣ ያውም ከሻይ ቡና ጋር ያልቃል።

ጥበቡ ሰዓት ከመምረጥ ይጀምራል። ስብሰባው ማክሰኞ 3 ሰዓት ይጠራል። ያን ጊዜ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ፣ ጉልት ቸርቻሪዋ ገበያ፣ ልብስ አጣቢዋ ሰው ቤት ናት። እሰየው! የሚመጡት ሁልጊዜ የሚመጡት ስለሆኑ ያለፈውን አቴንዳንስ መገልበጥ ይበቃል። ዕቅዱ ከላይ ወርዷል፤ በጀቱም ተደልድሏል። የሚያጨቃጭቅ ነገር ስላልቀረ ውይይቱ ፍጹም ሰላማዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ከተማ ለዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ የተሰበሰቡት፣ ሕዝብ የጤናውን ሥራ በማቀድም በመፈጸምም የመሳተፍ መብትም ግዴታም አለው ብለው ጽፈዋል። እኛ ደግሞ መብቱን ለሌላ ጊዜ አቆይተን ግዴታውን ወስደናል።

አልፎ አልፎ ግን ሥርዓት የማያውቅ አይጠፋም። ሲስተር «እጃችንን በሳሙና ለ20 ሰከንድ» የሚለው ስላይድ ላይ ስትደርስ አንዲት እናት ብድግ ይላሉ። «ሲስተር፣ እሱን ሰምተናል። የግቢያችን ሽንት ቤት ሞልቶ ወደ ቦዩ እየፈሰሰ ነው። መምጠጫው መኪና በጠባቡ መንገድ አይገባም፤ ቱቦው አይደርስም። ቁልፉን የያዙት አናዋጣም አሉ። ውሃውም በፈረቃ ነው፤ በምኑ ልታጠብ?» በ2008 ዓ.ም. አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) አዲስ አበባ ሲገባ መንገዱ ይኸው ነበር፤ ከዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ አፍ። መድረኩ ግን አይደናገጥም፦ «ገንቢ አስተያየት ነው እናቴ፣ ወስደነዋል።» ወዴት እንደሚወሰድ ተጠይቆ አያውቅም።

የሚያሳዝነው ይህን ያማረ ሥርዓት የሚያበላሹ ነርሶች መኖራቸው ነው። እሑድ፣ ዕድርተኛው መዋጮ ሊከፍል ሲሰበሰብ፣ ዳኛውን አስቀድመው አስፈቅደው ይሄዳሉ። ባነር የላቸውም! ከማስተማራቸው በፊት «ምን አስቸገራችሁ?» ብለው ጠይቀው እንደተባለው ይጽፋሉ። ከነዋሪው ጋር ሰፈሩን ዞረው ቦኖውን፣ ሽንት ቤቱን፣ ቦዩን ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ። መኪናው ከሚቆምበት እስከ ጉድጓዱ በገመድ ይለካሉ፤ ይህ ካልታወቀ መኪና ተጠርቶ፣ ቱቦው አጥሮ፣ ገንዘቡ ተበልቶ ይመለሳልና። ማን እንደሚሰበስብ፣ ብሩ የትኛው ገንዘብ ያዥ ጋር እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚያድር እዚያው ይወሰናል። ቃለ ጉባኤውም በዕድሩ መዝገብ፣ በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ይሰፍራል፤ ነርሷ ብትዛወር ውሳኔው አብሯት አይዛወርም። በወሩ ተመልሰው ያልተሳካው ለምን እንዳልተሳካ ፊት ለፊት ይናገራሉ። ይሄንንስ ነውር እንበለው?

ደግነቱ የሪፖርት ቅጹ ንቁ ነው። «የተሰበሰበ ሰው ብዛት»፣ «የተለጠፈ ፖስተር»፣ «የተካሄደ መድረክ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ለተመጠጠ ጉድጓድ ዓምድ የለውም። ስለዚህ እነዚያ ነርሶች በመድረክ ረድፍ ዜሮ ይሞላሉ፤ በሩብ ዓመቱ ግምገማም ከማክሰኞው አዳራሽ ልምድ እንዲቀስሙ ይላካሉ።