100 አምፒር ባትሪ የትኛውን ቤት ነው ቀኑን ሙሉ የሚይዘው?
«ባለ 100 አምፒር ባትሪ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ይይዛል» የሚለው ጋ አልስማማም። የባትሪው 12 ቮልት በ100 አምፒር አወር ሲባዛ 1200 ዋት አወር ነው፣ ሲሞላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው፣ የአሲዱን ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች እያወረድክ ከተጠቀምክ ቶሎ ይሞታል ስለዚህ በእጅህ ያለው 600 ገደማ ነው፣ እሱም ለአምፖል ለዋይፋይ ለቲቪ አሪፍ ነው እኛ ቱሉ ዲምቱ መብራት በጠፋ ቁጥር የምናመሸው በሱ ነው፣ ፍሪጅ ከጨመርክበት ግን ማንጋቱን እንጃ። ሊትየሙ 80 ፐርሰንቱን ብትጠቀምም ምንም አይል፣ ዋጋው ነው እንጂ ጉዱ። ባትሪው ምጣድ ይችላል ወይ ብለሽ የጠየቅሽው እህት፣ ምጣድ እኮ 3 ሺህ ዋት ምናምን ይስባል፣ የኔ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው) ገና ሲሰካበት ጮሆ ነው የሚዘጋው ሃሃ፣ እንጀራውን መብራት ሲኖር ጋግረሽ አስቀምጪ።