ማስተካከያ፦ ስለ ስንዴ ግንድ ዋግ ስፖሮች

ፈንገስ ስለሚያመጣው የስንዴ በሽታ፣ ስለ ግንድ ዋግ፣ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ በአገዳው ላይ የሚታየው የጡብ ቀለም ያለው ብናኝ «በጾታዊ ርቢ የተገኘ የፈንገሱ ዘር ነው» ማለታችን ስህተት ነበር። ዘር ፅንስና ስንቅ በውስጡ ይይዛል፤ ይህ ብናኝ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ሁለት ኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) ያለው አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበት ጥቃቅን ቅንጣት ነው። የሚፈጠረውም ያለ ጾታዊ ርቢ ሲሆን፣ ነፋስ ወስዶ ሌላ ስንዴ ላይ ካሳረፈው በኋላ ጤዛ ሲያገኝ ይበቅልና በተክሉ የአየር ቀዳዳዎች በኩል ይገባል፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ በተክሉ ላይ የሚፈጠረው ቁስል ፈንድቶ አዲስ ብናኝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ «ዲገሉ» የተባለውን ዝርያ ያጠቃው ወረርሽኝ በፍጥነት የተዛመተው በዚህ ዓይነት ዙር ነው።

ሰብሉ ሲደርስ ቁስሉ መጥቆሩን ፈንገሱ የመሞቱ ምልክት አድርገን መጻፋችንም ልክ አልነበረም፤ እንዲያውም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጥቁሮቹ ባለ ሁለት ሕዋስና ወፍራም ግድግዳ ያላቸው፣ ክፉ ወቅትን የሚያሳልፉ ስፖሮች ሲሆኑ፣ የኒውክለሶቹ ውህደት የሚፈጸመው በእነሱ ውስጥ ነው። ከእነሱ የሚወጡት ስስ ስፖሮች ስንዴን ሳይሆን በርበሪስ የተባለውን እሾሃማ ቁጥቋጦ ያጠቃሉ፤ የተለያዩ የፈንገሱ ወገኖች የሚዳቀሉትም በዚያው ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ ነው።