ጉልበቱን ተዉት፣ ፍሬኑን እዩ

ስፖርት መኪና ትራክ (የውድድር ሜዳ) ላይ የሚለካው በፈረስ ጉልበቱ ነው የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አልስማማም። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ፍሬን ነው።

ነገሩ ሙቀት ነው። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ዲስክ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይዘልቃል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ግን ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያኔ በመስፈርቱ ሳይፈላ መቆየት ያለበት ዝቅተኛው ሙቀት ራሱ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። በቀደም አንድ ልጅ ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ይኼው ደርሶበት መጣ። እግሩ ገና ይንቀጠቀጥ ነበር። ዘይቱን በመርፌ ስቤ ሳየው እንደ ቡና ጠቁሯል።

ከፍታችንንም አትርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስሱ አየር ደግሞ ራዲያተሩንም ፍሬኑንም እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም።

ትራክ የምትወጡ ልጆች፣ እባካችሁ ዘይቱን ቀድማችሁ አስቀይሩ። ስትጨርሱም አንድ ዙር ቀስ ብላችሁ ንዱ። የእጅ ፍሬን ወዲያው አትያዙ፤ የጋለ የፍሬን ሸራ ዲስኩ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።