ኖራ ደብዳቤውን ብታቃጥል አልፈርድባትም

ጃክ የአየርላንድ ዜጎች ጦር በተባለው የሠራተኞች ታጣቂ ቡድን ውስጥ አዛዥ ሆኖ መሾሙን የሚገልጽ ደብዳቤ ይላክለታል። ሚስቱ ኖራ ተቀብላ ታቃጥለዋለች። ትንፍሽ አትልም።

ጆን ፎርድ በ1936 እ.ኤ.አ. የሠራው «ማረሻውና ከዋክብቱ» የተባለው ፊልም የሚነሣው ከዚህ ነው። ኖራን ሆና የምትጫወተው ባርባራ ስታንዊክ ናት። ጊዜው 1916፣ ደብሊን በፋሲካ ማግስት በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያመጸችበት ሰሞን ነው።

ኖራን ራስ ወዳድ የሚሏት አሉ። እኔ ግን አልፈርድባትም። ፊልሙ የተወሰደው ከአየርላንዳዊው ጸሐፌ ተውኔት ሾን ኦኬሲ ተውኔት ነው። እዚያ ኖራ የምትኖረው ድሆች በታጨቁበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ገና ሲጀመር በሯ ላይ አዲስ ቁልፍ ታስገጥማለች። ጎረቤቶቿ «ምን ታካብዳለች!» እያሉ ያሟታል። ማታ በሩ ሲንኳኳ ባሏን አትክፈት ብላ ትለምነዋለች። ይከፍታል።

ጃክስ? ከጦሩ የራቀው ሹመት ቀረብኝ ብሎ አኩርፎ ነው። መሾሙን በሩን ካንኳኳው የጦሩ ባልደረባ ሲሰማ ደሙ ፈላ። የሚስቱን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ተቆጣት፣ ከዚያ ጥሏት ወጣ። አገሩን መውደዱን አልክድም፤ እልሁና ክብር መሻቱም ግን አብረው አሉ። ኦኬሲ ይህን ከውስጥ ያውቀዋል። የዚያው ጦር ጸሐፊ ነበር፣ በ1914 ለቆ ወጣ።

ተውኔቱ በ1926 በደብሊኑ አቤይ ቲያትር ሲታይ፣ በአመጹ የሞቱትን ያቃልላል በሚል ረብሻ ተነሣ። ከተቃወሙት አንዷ ሃና ሺሂ ስኬፊንግተን ነበሩ። ባለቤታቸው ፍራንሲስ ጦርነትን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ። በአመጹ ሳምንት በአንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ትእዛዝ ያለ ፍርድ ተረሽነዋል። የሃናን ቁጣ ማንም አቅልሎ ሊያየው አይገባም። ኦኬሲ ግን የሞቱትን ሊያቃልል አልተነሣም። ሒሳቡን ቤት የቀረችው ሴት እንደምትከፍል ነው ያሳየው። ጃክ ይሞታል፣ ኖራ ልጇን ታጣለች፣ አእምሮዋንም ትስታለች።

በፊልሙ የሚያንገበግበኝ የስቱዲዮው ሥራ ነው። ፎርድ በኋላ እንደተናገረው፣ የፊልም ስቱዲዮው የአር.ኬ.ኦ. ኃላፊ «የተጋቡ ሰዎች ፍቅር ማንን ይማርካል?» በሚል ስሜት ጃክና ኖራ ያልተጋቡ ሆነው የሚታዩባቸውን ትዕይንቶች እንደገና አስቀረጸ። ካልተጋቡማ ምኑ ቀረ? ፍቅረኛ ሲሄድ ልብ ይሰበራል። ባል ሲሄድ ግን ቤት ይፈርሳል፤ ኪራዩ፣ እራቱ፣ በሆድ ያለው ልጅ ሁሉ አብሮ አደጋ ላይ ይወድቃል። ኖራን እሳት ያስጫራት ይሄ ነው። ስታንዊክ ይህን ሁሉ መሸከም የምትችል ተዋናይ ነበረች።

ፊልሙን ለማየት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ተውኔቱን አስቀድሙ።