ውሃውን የት ነው የምትደፉት?

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። የሁላችንም ዓይን ግን ላፕቶፑ ላይ ነው። የቤቱ ባለቤት ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ከፍቶ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያስቸገረውን ጉድጓድ እያሳየን ነው።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ታርን እና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ወንድማማቾች የሠሩት ነው። መጀመሪያ ለሕዝብ የለቀቁት በ2006 ነው። በ2022 ደግሞ ሥዕል ተሠርቶለት ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መሸጫ ላይ ለሽያጭ ቀረበ። ሰባት ድዋርፎች፣ ማለትም ድንክ የተረት ሰዎች፣ ይዘህ ባዶ ቦታ ላይ ትወርዳለህ። መሬቱን ቆፍረህ ከተማ ታደርገዋለህ። ትቆፍራለህ፣ ታርሳለህ፣ ብረት ታቀልጣለህ።

ችግሩ የሚመጣው ከአፈሩ ሥር ውሃ ያዘለ ንብርብር ሲኖር ነው። ቆፋሪው እርጥብ ድንጋይ አገኘሁ ብሎ ሥራውን ያቆማል። ግድ ብለህ ብታስቆፍረው ውሃው ከየጎኑ ይፈልቃል። ጌሙ የውሃውን ከፍታ ከ1 እስከ 7 ይቆጥራል። 4 ከደረሰ ድዋርፉ በፈቃዱ አይገባበትም። 7 ማለት ጢም ብሎ ሞላ ማለት ነው። ብረቱና ጠንካራው ድንጋይ ደግሞ ከዚያ ንብርብር በታች ነው ያለው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሳ።

ባለቤቱ ፓምፕ ነው መፍትሔው ባይ ነው። የጌሙ ፓምፕ ግብፅ ውስጥ ለመስኖ ሲያገለግል የኖረው የአርኪሜዲስ ጠመዝማዛ ነው። አንድ ትልቅ ጠመዝማዛ፣ አንድ ቧንቧና አንድ ብሎኬት ይበቃዋል። ሦስቱንም ከእንጨት መሥራት ይቻላል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትተክለዋለህ። ከፊቱ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ቦታ ይስብና በሌላው ጎኑ ይተፋዋል።

አንደኛው ጓደኛችን አልተዋጠለትም። «ይሄ ሁሉ አገር እያለ ምን ሲደረግ ውሃ ላይ ትሰፍራለህ? ቦታ ስትመርጥ እኮ ጌሙ ራሱ ይነግርሃል። ደረቅ ቦታ ሂድና ሥራህን ሥራ።»

«ደረቅ ቦታ ሄጄ ቁስለኛዬን በምን ላጥበው?» አለ ባለቤቱ። እውነቱን ነው። የተጎዳ ድዋርፍ አልጋ ላይ ሲውል ቢራ አይሰጠውም፤ ውሃ ነው የሚጠጣው። ቁስሉም የሚታጠበው በውሃ ነው። ያ ንብርብር ደግሞ የማያልቅ ጉድጓድ ማለት ነው። ወንዙ በብርድ ወራት በረዶ ቢሆን እንኳ እሱ ሥር ለሥር አለ።

ሌላኛው በሁለቱም አልተስማማም። «ፓምፕ የሚባል አልፈልግም። ከላይ ያለውን አፈር ዙሪያውን ቆርጠህ ውሃው ላይ ጣለው። የተናደው መሬት ውሃ አያፈልቅም። መሃሉን ቀዳድደህ ትወርዳለህ።» አሠራሩ ልክ ነው። እኔም ሞክሬው ሠርቶልኛል። ግን አንድ ቦታ ስትሳሳት ከነቆፋሪህ ነው የሚናደው። ቀዝቃዛ አገር ለሰፈረ ሰው ደግሞ ውሃው በረዶ እስኪሆን ጠብቆ በረዶውን መቆፈርም አለ። የእኛ ሰው የሰፈረበት ግን ሞቃት ነው።

ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ። ይሄኔ ነው የባለቤቱ አጎት ከጓዳ ብቅ ያሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሕንፃ ፋውንዴሽን ሲያስቆፍሩ የኖሩ ፎርማን ናቸው። ጌም አይጫወቱም። ወንበር ስበው ከኋላችን ተቀመጡ።

ባለቤቱ ማሳየት ጀመረ። አንዱ ድዋርፍ ፓምፑን ያዘ። ውሃው 7 ነበር። ወደ 5 ወረደ፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 2። ቆፋሪው ዶማውን ይዞ ገባ። አንዱን ጠርዝ ፈለጠ፣ ሁለተኛውን ጀመረ። ሁላችንም ዝም ብለን እናያለን። በድንገት ፓምፑ ቆመ። ውሃው 3፣ 4፣ 6 ሆነ። ቆፋሪው ለጥቂት ወጣ።

«ሰውየው የት ሄደ?» አሉ አጎቱ።

«ጠምቶት ነው ጋሼ። ሊጠጣ ሄደ።»

«ተተኪ የለውም?»

የመለሰላቸው የለም። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው በጣታቸው አመለከቱ። «ውሃውንስ የት ነው የምትደፉት?»

ሁላችንም አየነው። ፓምፑ የተፋው ውሃ እዚያው ሣሩ ላይ ተንጣሎ፣ ሦስት አራት እርምጃ ሄዶ፣ በሌላ በኩል ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ እየገባ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንኑ ውሃ ሲያዞር ነበር የከረመው።

«ሳይት ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው» አሉ ጋሼ። «የሞተሩን ጉልበት ሁሉም ያወራል። ቱቦው የት እንደሚያልቅ የሚያይ የለም። ሞተሩ ደግሞ ሌሊት ከቆመ ጠዋት የምታገኘው ኩሬ ነው። ዘበኛው ነዳጅ እንዲሞላ አስለምዳችሁ ነው የምታድሩት።»

ክርክሩ ግን አላበቃም። ደረቅ ቦታ ሂድ ያለው ጓደኛችን ከ2020 ወዲህ ነገሩ ቀሏል አለ። እውነት ነው፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጌሙ ቀስ ብሎ የሚያንጠባጥብና በኃይል የሚፈልቅ ብሎ ውሃውን ለሁለት ከፍሎታል። ለሚያንጠባጥበው ፓምፕ አያስፈልግም። ቶሎ ቆፍረህ ቶሎ ትገነባለህ። የባለቤቱ ግን የሚፈልቀው ዓይነት ነው።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ፓምፑ ውሃውን አይጨርሰውም፤ ንብርብሩ ማለቂያ የለውም። ፓምፑ የሚሰጥህ ግንበኛው ገብቶ የሚሠራበት ፋታ ነው። ውሃውን የሚያቆመው ግድግዳው ነው። አፈር ከሆነ ፈልጠህ አውጥተህ በቦታው ግንብ ታቆማለህ። ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ማለስለስ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ አያፈስም። ሦስቱ ጓደኞቼ ስለ ፓምፕ ሲጨቃጨቁ ግንቡን ያነሳ አልነበረም።

በእውነተኛው ዓለምም የሆነው ይኸው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከለንደን በርሚንግሃም የሚሄደው ባቡር የሚያልፍበት የኪልስቢ ዋሻ አለ። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ሲያስቆፍረው አስቀድሞ ያልታየ ውሃማ አሸዋ ገጠመው። በእንፋሎት ሞተር በደቂቃ 1,800 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 8,000 ሊትር ገደማ እያስወጣ ለ19 ወር ቀጠለ። ያን ያህል የተለፋው ዋሻው ውስጡ በጡብ እስኪለበስ ድረስ ሠራተኛው ቆሞ የሚሠራበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። መስመሩ በ1838 ተከፈተ።

ስለዚህ ባለቤቱ ፓምፕ መምረጡን እደግፋለሁ። ያ ውሃ ለከተማው ያስፈልገዋል፤ ቦታውን ትቶ መሄድም የለበትም። አንድ ፓምፕ በአንድ ሰው ይዞ መጀመሩ ግን ስህተት ነው። ሁለት ፓምፕ ይሥራ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሰው ይመድብ። የሚተፋውን ውሃ ራቅ ብሎ በቆፈረው ሌላ ጉድጓድ ወደዚያው ንብርብር ይመልሰው፤ የሰጠውን ያህል መልሶ ይውጣል። የግንብ ድንጋዩንም ቆፋሪው ዶማ ከማንሳቱ በፊት ጉድጓዱ አፍ ላይ ይደርድር። ይህን እዚያው ነግሬዋለሁ። ጋሼም ድንጋዩ ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።