እርማት፦ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ቀዝቃዛ አይደለም

«ያልተቀባ የጣሪያ ቆርቆሮ ፀሐይን እንደ መስታወት ስለሚመልስ ቀለም መቀባት ብክነት ነው» ያልከው፣ ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። ብርሃኑንማ ይመልሳል። ችግሩ የዋጠውን ሙቀት በጨረር በደንብ መልቀቅ አለመቻሉ ነው። ይህ አቅም ከ0 እስከ 1 ሲለካ አዲስ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቆርቆሮ ከ0.3 አያልፍም፤ ቀለም የተቀባው ግን 0.9 ገደማ ይደርሳል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል፦ ይመልሳልም፣ ይለቃልም። ካላመንክ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስጥተህ በእጅህ ጀርባ ነካ አድርጋቸው። ቶሎ አንሳ እንጂ ያቃጥልሃል!

ሙቀት ለመከላከል ከቆርቆሮው ሥር ስለሚገባው ፎይልም (ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ) ላንሳ። ከብረቱ ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ዝም ብሎ ያልፋል። ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር የአየር ክፍተት ተውለት። የሚያብረቀርቀው ፊቱም ወደ ታች፣ ከሥሩ ወዳለው ባዶ ቦታ ይዙር፤ ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ይለብስና ሥራው ይዳከማል።